ሰማያዊው ስክሪን ሲመላለስ፦ ከፎርማት በፊት ያለው ሥራ

ባለፈው ክረምት የቤቴ ዴስክቶፕ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ፎርማት ተደረገ። የመጀመሪያው ፎርማት አራት ቀን ሰላም ሰጠኝ። ሁለተኛው ሁለት ቀን እንኳን አልሞላም። ቡና ቀድቼ እስክመለስ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ፣ ያቺ በጎኗ የተጋደመች የከፋት ፊት አፍጥጣ ጠበቀችኝ። ጥገና ቤት ያለው ልጅ ለሦስተኛ ጊዜ "ፎርማት ይደረግና እንየው" ሲለኝ ትዕግሥቴ አለቀ። ማሽኑን አቅፌ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ዊንዶውሱ ምንም አልነበረበትም። ጥፋተኛዋ ከመዳፌ ትንሽ የምትረዝም አንዲት ራም ነበረች፤ ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚያስቀምጥባት ዕቃ ናት። እሷን ለማግኘት ጥቂት ቀን፣ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ የተማሪ ላጲስና አንድ ደብተር በቃኝ።

ልጁን አልፈርድበትም። እኛ ዘንድ ኮምፒውተር ሲታመም መጀመሪያ የሚታዘዝለት ፎርማት ነው። አንዳንዴ ይሠራል፤ ባይሠራም ለጥቂት ቀን የሠራ ይመስላል። ክፋቱ ማስረጃውን ሁሉ ጠራርጎ መሄዱ ነው። ኮምፒውተሩ በወደቀ ቁጥር "እዚህ ጋ አሞኛል" እያለ ማስታወሻ ይጽፋል። እኛ ደግሞ ሳናነበው እናጠፋዋለን።

ስክሪኑ ምን እያለ ነው?

አንድ ኮንዶሚኒየም አስቡ። ዎርድ፣ ክሮም፣ ሙዚቃ ማጫወቻው ተከራዮች ናቸው። እያንዳንዱ የራሱ በር አለው። አንዱ ቤት ውስጥ ቧንቧ ቢፈነዳ የዚያ ቤት ውሃ ይዘጋል፣ ሌላው ኑሮውን ይቀጥላል። ክሮም ስታክ አድርጎ "ኖት ሪስፖንዲንግ" ሲለን የምናደርገው ይኼንኑ ነው። እሱን ዘግተን ወደ ሥራችን እንመለሳለን።

ከሁሉም ሥር ግን ሕንፃውን የተሸከመው ምሰሶ አለ። በዊንዶውስ ይህ ምሰሶ ከርነል ይባላል። ራሙን ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው፣ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገረው፣ ማን መቼ ፕሮሰሰሩን እንደሚጠቀም የሚወስነው እሱ ነው። የግራፊክስ ካርዱ፣ የዋይፋዩና የሌላው ዕቃ ድራይቨሮችም (ዊንዶውስ ከየዕቃው ጋር የሚነጋገርባቸው ፕሮግራሞች) አብዛኞቹ የሚኖሩት እዚያው ምሰሶው ውስጥ ነው። ምሰሶው ሲሰነጠቅ የአንድ ቤት በር መዝጋት ዋጋ የለውም። ሰው ሁሉ ይውጣ ይባላል። ሰማያዊው ስክሪን ያ ጩኸት ነው።

ዊንዶውስ ራሱን የሚያቆመው ሆን ብሎ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ራም ላይ ያለው መረጃ መበላሸቱን እያየ ሥራውን ቢቀጥል፣ ያንን የተበላሸ ነገር ዲስኩ ላይ ይጽፈዋል። ያኔ የምታጡት ሴቭ ያላደረጋችሁትን ደብዳቤ ብቻ አይሆንም፤ የአሥር ዓመት ፎቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስክሪኑን ስታዩ ብትናደዱም አትርገሙት።

አዲሱ ዊንዶውስ 11 ላይ ደግሞ ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቀለሙ ጥቁር ሆኗል፣ ያቺ ፊትም ተሰናብታለች። ስሙ ግን ለምዶብን እስካሁን "ሰማያዊው" ነው። እኔም እንደዚያው እለዋለሁ።

ደብተሩ

ዊንዶውስ ሲወድቅ መረጃውን ሰብስቦ ወዲያው ሪስታርት ያደርጋል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው "ሰማያዊ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ" ከማለት ሌላ የሚናገረው የሌለው። መጀመሪያ ይህንን አስቁሙት። ስታርት ሜኑ ላይ "አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ" ብላችሁ ፈልጉ፤ "ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ" የሚለው ሥር ግቡ፤ "አውቶማቲካሊ ሪስታርት" ፊት ያለውን ምልክት አንሱ። ከዚያ ወዲያ ስክሪኑ ቆሞ ይጠብቃችኋል። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ከፎቶው የምትፈልጉት ሁለት ነገር ነው። አንዱ "ስቶፕ ኮድ" ከሚለው ቀጥሎ ያለው ስም ነው። ሌላው አንዳንዴ ብቻ የሚወጣ ነው፤ "ዋት ፌይልድ" ብሎ የአንድ ፋይል ስም ይጠቅሳል። ከዚህ ጋር ሰዓቱን፣ ምን እየሠራችሁ እንደነበር፣ መብራት ብልጭ ብሎ እንደሆነ ጻፉ። የእኔ ደብተር ይህን ይመስል ነበር፦

ማክሰኞ ጠዋት 3፡20። ከተከፈተ አሥር ደቂቃው። ዩቲዩብ። ሜሞሪ ማኔጅመንት።
ረቡዕ ማታ 2፡00። ኤክሴል። ፔጅ ፎልት ኢን ነንፔጅድ ኤሪያ።
ሐሙስ ከሰዓት። ማንም ሳይነካው። አይአርኪውኤል ኖት ለስ ኦር ኢኳል።

በሦስት ቀን ሦስት የተለያየ ኮድ፣ ሦስት የተለያየ ሥራ። እያንዳንዱን ለብቻ ብትፈልጉት ኢንተርኔት ላይ ሦስት የተለያየ መፍትሔ ታገኛላችሁ፤ ሦስቱም ያደክማችኋል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲታዩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኮዱ በየቀኑ ከተቀያየረ ጥርጣሬዬ መጀመሪያ ወደ ዕቃው ይሄዳል፦ ወደ ራም፣ ወደ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን)። በየቀኑ አንድ ዓይነት ኮድ ከአንድ ዓይነት ፋይል ስም ጋር ከመጣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ድራይቨር ነው። ይህ ሕግ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ግን አያሳፍርም።

ስለ ፋይሉ ስም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው "ኤንቲ ኦኤስ ከርነል" የሚባለው የዊንዶውስ የራሱ ፋይል ነው። እሱን አይቶ "ዊንዶውሱ ተበላሽቷል" ማለት የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው። ከርነሉ ሌላው ያበላሸውን ሲነካ የወደቀ ነው። በኤን ቪ ፊደል የሚጀምር ስም ካያችሁ ግን የኤንቪዲያ ግራፊክስ ድራይቨርን፣ በአር ቲ የሚጀምር ካያችሁ የሪልቴክን የኔትወርክ ወይም የድምፅ ድራይቨር መጠርጠር ያስኬዳል።

ፎቶ ሳታነሱ ካመለጣችሁ ስታርት ላይ "ሪላያቢሊቲ ሂስትሪ" ብላችሁ ፈልጉ። ቀን በቀን የወደቀበትን በቀይ ምልክት ያሳያችኋል። ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ "ሚኒደምፕ" የሚባል ፎልደርም አለ፤ በወደቀ ቁጥር አንድ ትንሽ ፋይል እዚያ ይቀመጣል። "ብሉስክሪንቪው" የሚባለው ነፃ ፕሮግራም እነዚህን ፋይሎች ከነቀናቸው ደርድሮ ያሳያል። ፎርማት ስታደርጉ መጀመሪያ የሚጠፋው ይኸው ፎልደር ነው።

ራሟ

ባለ 8 ጊጋባይት ራም ውስጥ ከ68 ቢሊዮን በላይ ዜሮና አንድ የሚቀመጡባቸው ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። ከእነዚህ አንዲቱ "አንድ" የተባለችውን ዘንግታ "ዜሮ" ብላ ብትመልስ በቂ ነው። ያቺ ክፍል ላይ ዛሬ የዩቲዩብ ቪዲዮ ካረፈ አንድ ነጥብ ቀለሟን ትቀይራለች፣ ማንም አያውቅም። ነገ የከርነሉ አድራሻ ካረፈባት ኮምፒውተሩ ይወድቃል። ኮዱ የሚቀያየረው ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ፎርማት አራት ቀን ያቆየኝም ለዚሁ ይመስለኛል፤ ባዶ ዊንዶውስ ብዙ ራም አይይዝም፣ የታመመችዋ ክፍል ጋ የሚደርሰው ቶሎ አይደለም። ፕሮግራሞቼን መልሼ ስጭን ደረሰባት።

ወደ ሥራው። ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ከነቀላችሁ በኋላ የማብሪያ ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙት፤ ውስጥ የቀረው ኃይል ይወጣል። የጎኑን ክዳን ፍቱ። የሳጥኑን ብረት በእጃችሁ ንኩ፤ ሰውነታችሁ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ክምችት ራሙን እንዳይጎዳው ነው። ከራሟ ጫፍና ጫፍ ያሉትን መቆለፊያዎች ወደ ውጭ ስትገፏቸው ራሟ ራሷ ብድግ ትላለች።

ከታች በኩል ያለውን ወርቃማ ጥርስ በብርሃን አገላብጣችሁ እዩት። የእኔው ላይ እንደ ጭስ የደበዘዘ ነገር ነበረበት። እዚህ ላይ የመርካቶ ቴክኒሻኖች ሁሉ የሚያውቋት ዘዴ ትመጣለች፦ ላጲስ። ለስላሳ ነጭ ላጲስ ሆኖ በአንድ አቅጣጫ ቀስ ተደርጎ ይጠረጋል። የላጲሱን ፍርፋሪ በደረቅ ብሩሽ አራግፉ። ጥርሱን በጣት አትንኩ፣ የእጅ ወዝ መልሶ ያበላሸዋል። ስትመልሷት ሁለቱም መቆለፊያዎች "ቀጭ" እስኪሉ ተጫኑ። አንደኛው ብቻ ካለ ገና አልገባችም።

ከማመን በላይ ብዙ ኮምፒውተር በዚህች ብቻ ይድናል። የእኔ አልዳነም። በማግስቱ ያቺው ፊት መጣች።

ስለዚህ አንድ በአንድ መሞከር ቀረ። ሁለት ባለ 4 ጊጋ ራሞች ነበሩኝ። አንዷን አውጥቼ በሌላዋ ብቻ ሠራሁ። ሁለት ቀን ሙሉ፣ ምንም። ከዚያ አወጣኋትና ሁለተኛዋን እዚያው ቀዳዳ ላይ ሰካሁ። ግማሽ ሰዓት አልቆየም። ጨረስኩ ልል ነበር፤ ግን ቀዳዳውስ ቢሆን? የተጠረጠረችዋን ወደ ሌላው ቀዳዳ አዛወርኳት። አሁንም ወደቀ። ቀዳዳው ነፃ ወጣ፣ ራሟ ተፈረደባት።

የትዕግሥት ነገር እዚህ ነው። ራሙን ቀይሮ፣ ድራይቨር አፕዴት አድርጎ፣ አንቲቫይረስ አጥፍቶ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም የሚነካካ ሰው ኮምፒውተሩ ቢድን እንኳን ምን እንዳዳነው አያውቅም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ደብተሩ ላይ ጻፉ። ጠብቁ።

ለማረጋገጥ "ሜምቴስት 86" የሚባለውን ነፃ መመርመሪያ ፍላሽ ላይ ጫንኩና ኮምፒውተሩን በፍላሹ አስነሳሁት። ዊንዶውስ ሳይገባ ራሙን ብቻ እያመላለሰ ይጽፋል፣ ያነባል። ስህተት ሲያገኝ በቀይ ያወጣዋል። ማታ ከፍቶ ማደር ነው፣ መብራት ካልሄደ። ንጹሕ ራም ዜሮ ስህተት ነው የሚያሳየው። "ሁለት ብቻ ነው ያገኘው፣ ትንሽ ነው" የሚባል ነገር የለም። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው "ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ"ም ለመጀመሪያ ፍተሻ ይሆናል፤ ምንም አላገኘሁም ካለ ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑት።

ራም ከመቀየራችሁ በፊት ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ፕሮግራም) ውስጥ "ኤክስኤምፒ" የሚባል ነገር በርቶ እንደሆነ እዩ። ራሙን ከመደበኛው ፍጥነት በላይ የሚያስኬድ ምርጫ ነው። አጥፍታችሁ ስትሞክሩ ከተረጋጋ ወጪ ሳታወጡ ተገላገላችሁ። ከተለያየ ቦታ የተለቃቀሙ የተለያየ ፋብሪካ ራሞችም አንዳንዴ አብረው አይውሉም፣ ለየብቻ ደህና ሆነው ሳለ።

ድራይቨር ሲሆን

በ1998 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ዊንዶውስ 98 ገና ገበያ ሳይወጣ ለሕዝብ ይታይ ነበር። ቢል ጌትስ መድረኩ ላይ ቆሟል። ባልደረባው አንድ ስካነር ሰካ። ሰማያዊው ስክሪን አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ወጣ። አዲስ ዕቃ ሰክታችሁ የወደቀባችሁ ሰዎች ብቻችሁን አይደላችሁም።

ትልቁ ምሳሌ ግን ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነው ነው። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ ለደንበኞቹ አንዲት የተበላሸች አፕዴት ላከ። ሶፍትዌሩ የሚሠራው ከርነሉ ውስጥ ስለሆነ፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖች ወደቁ። በረራዎች ተሰረዙ፣ ሆስፒታሎችና ባንኮች ተቸገሩ። ኩባንያው አፕዴቷን በ78 ደቂቃ ውስጥ አነሳት። የወደቁት ማሽኖች ግን ገና ሳይነሱ መልሰው ስለሚወድቁ ብዙዎቹ የሰው እጅ ፈለጉ። መፍትሔው ምን ነበር? ሴፍ ሞድ ውስጥ ገብቶ አንዲት ፋይል ማጥፋት።

ሴፍ ሞድ ማለት ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልጉትን ድራይቨሮች ብቻ ይዞ የሚነሳበት መንገድ ነው። ሺፍትን ተጭናችሁ ሪስታርት በሉ። ከሚመጣው ሰማያዊ ገጽ (ይኼኛው አያስፈራም) "ትራብልሹት"፣ "አድቫንስድ ኦፕሽንስ"፣ "ስታርትአፕ ሴቲንግስ" እያላችሁ ሂዱና ሪስታርት ካደረገ በኋላ 4 ቁጥርን ንኩ። እዚያ ውስጥ ሰዓታት ከቆየና ካልወደቀ፣ ጥርጣሬው ወደ ድራይቨር ወይም በኋላ ወደጫናችሁት ፕሮግራም ያጋድላል። ዲቫይስ ማኔጀር (የዕቃዎቹ ዝርዝር ያለበት የዊንዶውስ ገጽ) ውስጥ የተጠረጠረውን ዕቃ ከፍታችሁ "ሮል ባክ ድራይቨር" የሚለውን ሞክሩ፤ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። አዲስ ድራይቨር ካስፈለገ ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። "ሁሉንም ድራይቨር ባንድ ጠቅታ አድሳለሁ" የሚሉት ፕሮግራሞች እኔ ዘንድ አይገቡም። ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ማሽን ላይ መጫንም ሁለት ዘበኛ አንድ በር ላይ እንደማጋጨት ነው፤ አንዱን አሰናብቱ።

መብራት፣ ሙቀት፣ ዲስክ

ኮምፒውተሩ ምንም ስክሪን ሳያሳይ ድርግም ብሎ ከጠፋ ያ ሌላ በሽታ ነው። ኢቬንት ቪውወር (ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት) ውስጥ "ከርነል ፓወር 41" የሚል ቀይ መስመር ታገኛላችሁ። መስመሩ የሚለው "በሥርዓት ሳልዘጋ ጠፍቻለሁ" ብቻ ነው፣ ምክንያቱን አይነግራችሁም። ሰማያዊ ስክሪን አብሮት ካልመጣ መብራቱን፣ ዲቫይደሩንና ፓወር ሰፕላዩን ተመልከቱ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ሁልጊዜ የተስተካከለ አይደለም። መብራት ሲሄድ ነቅሎ፣ ከተመለሰም ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት እናቴ ለፍሪጅ የምታደርገው ነው፤ ለኮምፒውተርም ይሠራል። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ካላችሁ ደግሞ ይበልጥ።

"ዊአ አንኮሬክተብል ኤረር" የሚል ኮድ ከመጣ ራሱ ፕሮሰሰሩ የዕቃ ስህተት አግኝቼ ማረም አቃተኝ እያለ ነው። ሙቀት፣ የደከመ ፓወር ሰፕላይ፣ ከልክ በላይ እንዲፈጥን የተደረገ ፕሮሰሰር ሊሆን ይችላል። ክዳኑን ስትከፍቱ የፕሮሰሰሩ ማራገቢያ ሥር እንደ ብርድ ልብስ የተነጠፈ አቧራ ካለ መጀመሪያ እሱን አንሱ፤ ስትነፉ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ያዙት። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ላላቸው ሌላም ወሬ አለ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ እንደሚጎዱ በ2024 እ.ኤ.አ. ታውቆ ማስተካከያው በባዮስ አፕዴት ወጥቷል። አፕዴቱ ጉዳትን ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አያድንም፣ ስለዚህ አታዘግዩት።

ዲስክ ላይ አልቆይም። ኮምፒውተሩ ከመውደቁ በፊት ከተንቀራፈፈ፣ "ክሪቲካል ፕሮሰስ ዳይድ" ካለ፣ አንዳንዴም ሲነሳ ዲስኩን ካጣው፣ ሌላ ነገር ከመሞከራችሁ በፊት ፋይላችሁን ገልብጡ። መጀመሪያ ባክአፕ፣ ከዚያ "ክሪስታልዲስክኢንፎ" በሚባለው ፕሮግራም የዲስኩን ጤና ማየት፣ ከዚያ ኬብሉን መቀየር። በሞት አፋፍ ላይ ያለ ዲስክን መጀመሪያ በፍተሻ ማስጨነቅ ያለችውን ጉልበት መጨረስ ነው።

ታዲያ ፎርማት ፋይዳ የለውም? አለው፣ ራሙና ዲስኩ ተፈትሸው ደህና ከተባሉ፣ ድራይቨሩም ወደ ቀድሞው ተመልሶ ካልዳነ በኋላ። ያኔም እንደ ፈተና ቁጠሩት። ምንም ፕሮግራም ያልተጫነበት ንጹሕ ዊንዶውስ ላይ ከወደቀ፣ ወይም ገና ሲጫን ከወደቀ፣ ችግሩ ዕቃው ላይ ነው፤ አሥር ጊዜ ፎርማት ቢደረግ ለውጥ የለውም።

ይህን ሁሉ ራሳችሁ መሥራት የለባችሁም። ወደ ጥገና ቤት ስትሄዱ ግን "ሰማያዊ ይሆናል" ብላችሁ ማሽኑን አስረክባችሁ አትውጡ። ፎቶዎቹንና ደብተሩን አሳዩ። ከፎርማቱ በፊት የራሱን ደህና ራም ሰክቶ እንዲሞክርላችሁ ጠይቁ፤ ጥገና ቤት ትርፍ ራም አይጠፋም። እኔ በመጨረሻ እዚያው ልጅ ጋ ተመልሼ አንዲት ያገለገለች ባለ 4 ጊጋ ራም ገዛሁት። ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ሜምቴስቱን እንዲያስኬድልኝ አደረግኩት። አንድ ሰዓት አብረን ቁጭ ብለን ስክሪኑን አየን፣ አንድም ቀይ መስመር አልመጣም።